ሃሙርን ምን ያጎርሱታል?

በነቢያት ጾም፣ ከአሰብ ወደብ ራቅ ብላ መልህቋን የጣለች ትንሽ የእንጨት ጀልባ ላይ፤ ወንድይራድ ልጃቸውን ውብዓለምን ይዘው ሊመለሱ ከደብረ ታቦር የወረዱ አባት ናቸው፣ በሪሁን ደግሞ እሷን ለማግባት ሽማግሌ የላከ የአሰብ ልጅ ነው።

ወንድይራድ፦ አይሆንም አልኩህ። እኔ ባለሁበት ጀልባ የዶሮ አንጀት መንጠቆ ላይ አይወጣም።

በሪሁን፦ ጋሼ፣ እርስዎ ይብሉት አላልኩም እኮ። የሚበላው ዓሣው ነው።

ወንድይራድ፦ ዓሣውንስ የሚበላው ማነው?

በሪሁን፦ እርስዎ።

ወንድይራድ፦ እንግዲያው ዶሮው ዞሮ ዞሮ ማን ሆድ ገባ? ዓሣውን በነቢያት ጾም እንድበላ የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል፤ ዶሮ በዓሣ ተሸፍኖ ይግባ ግን አላሉኝም።

በሪሁን፦ በሬ ዕድሜውን ሙሉ ሣር ሲበላ ነው የሚኖረው። በእርስዎ አባባል የበሬ ሥጋ የጾም ነው ማለት ነው።

ወንድይራድ፦ እ?

በሪሁን፦ የበላውን ከሆነማ ብዬ ነው።

ወንድይራድ፦ ይህን ክርክር ማነው ያስተማረህ?

በሪሁን፦ ማንም። አሁን አሰብኩት።

ወንድይራድ፦ አሁን የታሰበ ክርክር አይጸናም። ክርክር ከአባት የወረደ ሲሆን ነው። በል አንጀቱን ወዲያ ጣልልኝ።

በሪሁን፦ ባሕር ውስጥ ከጣልኩት ያው ዓሦቹ ይበሉታል።

ወንድይራድ፦ ወድቆ ያገኙት እንደሆነ ኃጢአቱ የራሳቸው ነው። እኛ ስናጎርሳቸው ነው የኛ የሚሆነው።

በሪሁን፦ ይኸው ጣልኩት። እንዲያው ግን ጋሼ፣ ሃሙር እንደ ሌላው ዓሣ አይደለም። እታች አለት ሥር ጎሬ አለው፤ ከደጁ አይርቅም። አፉ ሰፊ ነው፣ ያገኘውን ግን አይበላም። የሚሸተውን፣ ደም ያለውን እየመረጠ ነው።

ወንድይራድ፦ እንደ አገራችን ጭቃ ሹም ነው በለኛ። ከደጁ አይወጣም፣ ይዘውለት ሲመጡ ደግሞ ይመርጣል።

በሪሁን፦ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ካላማሪ እንስጠው።

ወንድይራድ፦ ምንድነው እሱ?

በሪሁን፦ ይኸውልዎት።

ወንድይራድ፦ በስመ አብ። ይኼ የማን ሬሳ ነው?

በሪሁን፦ የባሕር እንስሳ ነው። ሃሙር ሲያየው ራሱን ይስታል።

ወንድይራድ፦ እኔም ልስት ነው። ክንፍ አለው?

በሪሁን፦ ጎኑ ላይ ትንሽ ነገር ትታያለች።

ወንድይራድ፦ ቅርፊትስ?

በሪሁን፦ ቅርፊትስ የለውም።

ወንድይራድ፦ እግሩ ስንት ነው?

በሪሁን፦ አልቆጠርኩትም። ብዙ ነው።

ወንድይራድ፦ ኦሪት ምን ይላል? በውኃ ካለው ሁሉ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ይላል። ይኼ ቅርፊት የለው፣ ጭራሽ እግሩ ከራሱ ላይ ነው የበቀለው። ከዶሮው የባሰ አመጣህብኝ። ዶሮ እንኳ የገና ዕለት ይበላል፤ ይኼ የሚበላበት ቀን የለውም።

በሪሁን፦ ጋምበሪም አለ። ትንሽ ናት፣ ሲቀቅሏት የምትቀላ።

ወንድይራድ፦ ቅርፊት አላት?

በሪሁን፦ ጠንካራ ልብስ ነው ያላት።

ወንድይራድ፦ ልብስ ቅርፊት አይደለም። አንተ ልጅ፣ ኦሪቱን ገልጠህ የተከለከለውን ብቻ እየመረጥክ ነው እንዴ የጫንከው?

በሪሁን፦ ሁመድ ነው ለሃሙር እነዚህን ያዝ ያለኝ።

ወንድይራድ፦ ሁመድ ማነው?

በሪሁን፦ ጓደኛዬ ነው፣ አፋር ነው። ጀልባዋ ላይ አብረን ነን።

ወንድይራድ፦ ሽማግሌዎቹ የራሱ ጀልባ አለው ነው ያሉኝ።

በሪሁን፦ አለኝ። ሞተሯ በእኔ እጅ ነው።

ወንድይራድ፦ እንጨቱ የሌላ ነው እንግዲህ።

በሪሁን፦ ጋሼ፣ በሶ ይዘዋል አይደል? ቀመስ ያድርጉና አረፍ እንበል።

ወንድይራድ፦ የመጣንበትን አታስረሳኝ። እነዚያ ሽማግሌዎች ልጄ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ምን አሉ? «የባሕሩ ጌታ ነው» አሉ። «መንጠቆ ሲጥል ሃሙር ተሰልፎ ነው የሚጠብቀው» አሉ። እኔም ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ አንዲት ሃሙር ዓይኔ እያየ ያውጣና ልጄን ልስጥ፣ ካላወጣ ነገ በአውቶቡስ ይዣት እሄዳለሁ ብዬ የሁለታችንንም ቲኬት አስቆረጥኩህ። እንዲያ አይደል ውላችን?

በሪሁን፦ እንዲያ ነው።

ወንድይራድ፦ ሰልፉ የታል ታዲያ?

በሪሁን፦ ሽማግሌ ትንሽ ማሳመሩ አይቀርም።

ወንድይራድ፦ ዋሹ ማለትህ ነው?

በሪሁን፦ ኧረ እኔ አልወጣኝም።

ወንድይራድ፦ እንዳይወጣህ። እኔም ሽማግሌ ዋሸ አላልኩም። ዓሣ ያሳየኝ ነው ያልኩት። ይልቅ በሶ ያልከው ጥሩ ነው። አቡክተን እሱን እንስጠው።

በሪሁን፦ ለሃሙር በሶ?

ወንድይራድ፦ ምን ይጎድለዋል? ንጹሕ የገብስ ነው። እኔን ከደብረ ታቦር እዚህ ያደረሰ እሱን ከጎሬው እዚህ ማምጣት ያቅተዋል?

በሪሁን፦ ውኃ ሲነካው ይሟሟል።

ወንድይራድ፦ ጠበቅ አድርገህ ጠቅልለው። እንዲያ። ልቀቀው እስኪ።

በሪሁን፦ ለቀቅኩት። ይኸው ውኃው ነጣ።

ወንድይራድ፦ በጥብጠን አጠጣነው ማለት ነው። ይሁን፣ ጠጥቶ ያመስግን። ክንፍና ቅርፊት ያለው ትንሽ ዓሣ የለህም? ዓሣ ዓሣን ይበላ የለም?

በሪሁን፦ አለ፣ የቆርቆሮ ነው እንጂ።

ወንድይራድ፦ የምን ቆርቆሮ?

በሪሁን፦ ሰርዲን። ለምሳችን የያዝኩት።

ወንድይራድ፦ አሳየኝ። ክንፉ የት ሄደ?

በሪሁን፦ ፋብሪካ ቀረ።

ወንድይራድ፦ ነበረው አይደል? ከነበረው ይበቃል። ሰካው።

በሪሁን፦ ተፈረካከሰ።

ወንድይራድ፦ ሌላውን።

በሪሁን፦ ይኼም ፈረሰ። ተቀቅሏል ጋሼ፣ መንጠቆ አይችልም።

ወንድይራድ፦ በክር እሰረዋ።

በሪሁን፦ አሰርኩት። ይኸው ወረደ። ማስጠሚያ እርሳሱ መሬት ነካ።

ወንድይራድ፦ ያዘ?

በሪሁን፦ አሁን እኮ ነው የወረደው።

ወንድይራድ፦ አሁንስ?

በሪሁን፦ ልሳበውና እንየው። ባዶ ነው። ማሰሪያውን ጭምር ልሰውታል። ትንንሾቹ ናቸው፤ ትልቁ ሳይሰማ ግጠው ይጨርሱታል።

ወንድይራድ፦ የዘመድ ድግስ ነው በለኛ። የቀረውን ወዲህ በል።

በሪሁን፦ ሊሰኩት ነው?

ወንድይራድ፦ ልበላው ነው። ዳቦ ይዘሃል?

በሪሁን፦ ይኸውልዎት። ጋሼ፣ አንድ መላ ቀርቷል። ከሁሉ የሚበልጠው እንዲያውም እሱ ነው። ትንሽ ዓሣ በሕይወቱ እንይዝና መንጠቆ ላይ አድርገን እናወርደዋለን። ሃሙር የሚንቀሳቀስ ነገር አይቶ አያልፍም። ክንፍ አለው፣ ቅርፊት አለው፣ ጾምም ነው።

ወንድይራድ፦ ይኼን ከጠዋት ለምን አልተናገርክም?

በሪሁን፦ በዶሮው የምንወጣው መስሎኝ ነበራ። በዳቦው ፍርፋሪ እሞክራለሁ፣ ትንሿን መንጠቆ ያቀብሉኝ። ቆይ። ያዘች። ይኸው፣ አዩ?

ወንድይራድ፦ ምን ታህላለች እቴ። አፏን ተመልከት፣ ስትከፍት ስትዘጋ።

በሪሁን፦ ጀርባዋ ላይ ነው የምትወጋው። ትንሽ ብቻ፣ እንዳትሞት።

ወንድይራድ፦ እያየችኝ ነው።

በሪሁን፦ ዓሣ ያው ዓይኑ ስለማይከደን ነው።

ወንድይራድ፦ ገና ልጅ ናት። ልቀቃት።

በሪሁን፦ ጋሼ!

ወንድይራድ፦ በሕይወቷ ወግተህ ለዚያ ለአፈ ሰፊ ልታወርዳት? በጾም? ልቀቃት አልኩ።

በሪሁን፦ ለቀቅኳት። እንግዲህ የቀረን ባዶ መንጠቆ ነው።

ወንድይራድ፦ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ዓሣ ባዶ መንጠቆስ ምን አነሰው?

በሪሁን፦ ልናገር አይቆጡም?

ወንድይራድ፦ እንደ ነገሩ ነው።

በሪሁን፦ እርስዎ ዓሣው እንዲያዝ አይፈልጉም። ዶሮው ፍስክ፣ ካላማሪው ርኩስ፣ ትንሿ ልጅ። ሃሙሩ ራሱ መጥቶ «ይኸው በላሁ» ቢል ከነፍስ አባትህ ወረቀት አምጣ ሊሉት ነው።

ወንድይራድ፦ ሕግ ያለው ሰው ሲያጋጥምህ ጊዜ ተንኮል መሰለህ።

በሪሁን፦ ይሁን። ያን መርከብ አይተውታል?

ወንድይራድ፦ የቱን?

በሪሁን፦ ከኋላዎ ነው። ዞር ብለው ይዩት፣ ከሩቅ አገር የመጣ ነው።

ወንድይራድ፦ መርከብ አይቻለሁ።

በሪሁን፦ ይኼ ግን በጣም ትልቅ ነው።

ወንድይራድ፦ ትልቅ ከሆነ ሲያልፍ ይታየኛል።

በሪሁን፦ ታዲያ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ። የተቀመጡበት ጆንያ እርጥብ ነው፣ ያበርድዎታል።

ወንድይራድ፦ በዚህ ሐሩር የሚያበርድ ቦታ ያገኘ ማን ይነሣል?

በሪሁን፦ ጀልባዋ ወደ እርስዎ አጋድላለች።

ወንድይራድ፦ አንተ ወዲያ ሂድና አቃናት። የብስ ሳልረግጥ ከዚህች አልነሣም፤ ስሳፈር የተሳልኩት ነው። እጅህን አሳየኝ እስኪ።

በሪሁን፦ እጄን?

ወንድይራድ፦ መዳፍህን። እኔ በሬ ጠምጄ ነው ያረጀሁት፣ ገመድ አውቃለሁ። ገመድ የጎተተ ሰው እዚህ ጋ ይቆረጣል። አንተ የቆሰልከው ጣትህ ጫፍ ላይ ነው። ጥፍርህ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ምንድነው?

በሪሁን፦ ግራሶ ነው።

ወንድይራድ፦ ዓሣ ግራሶ ይቀባል?

በሪሁን፦ ሞተሯን ስነካካ ነው።

ወንድይራድ፦ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ።

በሪሁን፦ ይጠይቁኝ።

ወንድይራድ፦ ይኼ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጥኩበት ዓሣ በምን ተያዘ? በዶሮ ነው በካላማሪ?

በሪሁን፦ የቱ ዓሣ?

ወንድይራድ፦ ጆንያው ውስጥ ያለው። ስቀመጥ የጀርባው እሾህ ወጋኝ እኮ።

በሪሁን፦ እና ለምን ዝም አሉ?

ወንድይራድ፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል ሰምቼ፣ ዘንዶው የቱ እንደሆነ ልይ ብዬ ነዋ። ደግሞ እሾህ ላይ ስቀመጥ የዋልኩት እኔ፣ ጠያቂው አንተ?

በሪሁን፦ ሁመድ ትናንት ያወጣው ነው። እርስዎ መርከቡን ሲያዩ መንጠቆ ሰክቼበት ወደ ውኃው ልጥለው ነበር።

ወንድይራድ፦ ከዚያ ልትስበው።

በሪሁን፦ አዎ።

ወንድይራድ፦ ሞቶ ያደረ ዓሣ ሲታገል ልታሳየኝ?

በሪሁን፦ እኔው ክሩን እያወዛወዝኩ።

ወንድይራድ፦ ምነው ዞር ባልኩልህ ኖሮ። ይኼስ ሳይታይ መቅረት የለበትም ነበር።

በሪሁን፦ ጋሼ፣ እኔ ዓሣ አጥማጅ አይደለሁም። የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። የዚህ ባሕር ሞተር ሁሉ በእጄ ያልፋል እንጂ ሃሙር አውጥቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹን በላክሁ ጊዜ «ባሕር ላይ ይሠራል በሉ» ነው ያልኳቸው። መንገድ ላይ ጀልባ ጨመሩልኝ። በራፍ ሲደርሱ ሃሙሩን።

ወንድይራድ፦ ጠላው ሲቀርብላቸው ደግሞ ሰልፉን።

በሪሁን፦ ሰልፉን የሰማሁት ተመልሰው ሲነግሩኝ ነው። ደስ ብሏቸው ነበር። «አሳመርንልህ» አሉኝ።

ወንድይራድ፦ መልሰህ አትልካቸውም ነበር?

በሪሁን፦ «አባቶቼ፣ የተናገራችሁት ውሸት ስለሆነ ሄዳችሁ አስተካክሉ» ብዬ?

ወንድይራድ፦ አይባልም።

በሪሁን፦ አይባልም።

ወንድይራድ፦ እኔም ሄጄ «ዋሻችሁኝ» አልላቸውም። ሽማግሌን ያዋረደ ሰው ደጅ ላይ ዳግመኛ የሚቆም ሽማግሌ የለም። ይኸውልህ፣ እነሱ ጥላ ሥር ተኝተዋል፤ በነሱ አፍ እኛን ፀሐይ ይበላናል።

በሪሁን፦ የእርስዎም ወገን እኮ አሳምሯል።

ወንድይራድ፦ ምን ብሎ?

በሪሁን፦ «ልጃችን ጠላ ጠማቂ፣ ፈትል ፈታይ፣ ወጧ ከሩቅ የሚጣራ» ተብሎ ነው ለሽማግሌዎቹ የተመለሰላቸው።

ወንድይራድ፦ እኔ ነኝ ያልኩት።

በሪሁን፦ ውብዓለም ሽሮ ታሳርራለች ጋሼ።

ወንድይራድ፦ አውቃለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ እሱኑ ነው የምበላው።

በሪሁን፦ ከሩቅ የሚጣራውም ማረሩ ነው።

ወንድይራድ፦ እናቷ ስትሞት ገና ጡት መተዋ ነበር። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ወጥ ከየት አውቄ ላስተምራት? ፊደል ቆጠረች፣ ታይፕ ተማረች፣ እዚህ ወደብ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረች። ይኼን ስትሰማ ሽማግሌ ምን ይላል? «ወጥስ?» ይላል። ስለዚህ ወጥ ጨመርኩላት።

በሪሁን፦ እኔ ወጧን ብዬ አልጠየቅኳትም።

ወንድይራድ፦ ምኗን ብለህ ነው?

በሪሁን፦ አንድ ቀን ለመለዋወጫ ዕቃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቷ ገብቼ ወለሉን በግራሶ አበላሸሁት። ሁሉም ጮኸብኝ። እሷ ብቻ ወንበር ሰጠችኝ። ወንበሩንም አበላሸሁት። ሳቀች። ያቺን ሳቅ ነው።

ወንድይራድ፦ ስትስቅ እናቷን ነው።

በሪሁን፦ እወዳታለሁ ጋሼ። ዓሣ ባላወጣም እወዳታለሁ።

ወንድይራድ፦ ምነው ይኼን ብለው ቢነግሩኝ?

በሪሁን፦ ሽማግሌ ይኼን አይናገርም። ያፍራል።

ወንድይራድ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ሃሙር ይቀልለዋል።

በሪሁን፦ እንግዲህ ሞተሩን ላስነሣው? እንመለስ።

ወንድይራድ፦ ባዶ እጃችንን? ሽማግሌዎቹ ወደቡ ላይ ቆመው እየጠበቁን? ያንን ባለ ብዙ እግሩን አምጣው።

በሪሁን፦ ካላማሪውን? ኦሪቱስ?

ወንድይራድ፦ ኦሪት አትብላ ይላል እንጂ አታጉርስ አይልም።

በሪሁን፦ ጠዋት እንዲህ አላሉም።

ወንድይራድ፦ ጠዋት የሰው ክብር አልመጣም ነበራ። አሁን እነዚያን ሽማግሌዎች ከውሸት ማውጣት አለብን። እውነት ማድረግ ነው ያለን። እንዴት ነው የሚሰካው?

በሪሁን፦ ሁመድ ሁለቴ ውጋው፣ እግሮቹን ተዋቸው ይንጠልጠሉ ነው ያለኝ። ሲወዛወዙ በሕይወት ያለ ይመስላል።

ወንድይራድ፦ ስጠኝ እኔ ልስካው። አንተ ሞተር ነው የምታውቀው።

በሪሁን፦ እርስዎም በሬ ነው የሚያውቁት።

ወንድይራድ፦ መስካትና መጥመድ አንድ ነው። ይኸው። አቤት ልስላሴው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሰካሁት።

በሪሁን፦ ቀስ አድርገው ይልቀቁት። እርሳሱ መሬት ሲነካ ክሩ ይላላል። ያኔ ትንሽ ብድግ ያድርጉት፣ አለቱ እንዳይይዘው።

ወንድይራድ፦ ነካ። ብድግ አደረግሁት።

በሪሁን፦ አሁን ዝም ማለት ነው።

ወንድይራድ፦ በሪሁን።

በሪሁን፦ ዝም ነው እኮ ያልኩት።

ወንድይራድ፦ ባሕሩ እየጎተተኝ ነው።

በሪሁን፦ ይሳቡ። ይሳቡ ጋሼ፣ ጎሬው ሳይገባ።

ወንድይራድ፦ ወገቤን ያዘኝ።

በሪሁን፦ ይዤዎታለሁ። ይሳቡት ብቻ።

ወንድይራድ፦ ቆመ። አለት ሆነ፣ አይነቃነቅም።

በሪሁን፦ ገባ። ጎሬው ውስጥ ገባ። ከገባ በኋላ እሾሁን ወጥሮ ይጣበቃል ይላሉ፤ ብንጎትተው ክሩ ይበጠሳል። አበቃልን።

ወንድይራድ፦ ጃርት አድነህ ታውቃለህ?

በሪሁን፦ አሰብ ላይ ጃርት ከየት ይመጣል?

ወንድይራድ፦ ጃርት ጉድጓድ ከገባ አይጎተትም። በጎተትከው ቁጥር ይባስ ይጣበቃል። ዝም ስትለው የሄድክ ይመስለዋል፤ ራሱ ይወጣል። ይኸው ክሩን አላላሁለት። ተቀመጥ።

በሪሁን፦ እስከ መቼ?

ወንድይራድ፦ እስኪሰለቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በሪሁን፦ እስኪወጣ ልጠይቅዎት?

ወንድይራድ፦ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ።

በሪሁን፦ ሽማግሌዎቹ ሐኪም ነው ቢሉዎት ኖሮ፣ በሽተኛ ዓይኔ እያየ ያድን ይሉ ነበር አይደል?

ወንድይራድ፦ እል ነበር።

በሪሁን፦ ቄስ ነው ቢሉስ?

ወንድይራድ፦ ይቀድስ እስኪ እል ነበር። ከዚያ ድምፁ አላማረኝም እላለሁ።

በሪሁን፦ ምን አደረግኩዎት?

ወንድይራድ፦ አንተማ ምንም አላደረግክ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሲባል አልሰማህም? መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቻለሁ፤ ከእሱ ሌላ ደጄን የሚያንኳኳ የለም። እሱም ለምርት ክፍያ ነው የሚመጣው። ማታ ማታ ለሁለት ሰው እራት አቀርብና አንዱን ለውሻው እሰጣለሁ። ዕጮኛዋ ማንም ይሁን ማን ይዣት ልመለስ ነበር የመጣሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ ኦሪቱንም ጾሙንም ሰበብ አድርጌያቸዋለሁ።

በሪሁን፦ ብቻዬን ነኝ ብለው ለእሷ ነግረዋታል?

ወንድይራድ፦ አባት ይኼን አይናገርም። ያፍራል።

በሪሁን፦ ሃሙር ይቀልለዋል።

ወንድይራድ፦ ዝም በል። ተነቃነቀ።

በሪሁን፦ ልሳብ?

ወንድይራድ፦ ገና ነው። ብቅ ብሎ እያየ ነው። ይውጣ፣ ልቡ ይረፍ። ትንሽ ይራቅ። አሁን፤ ና አብረን ያዘው።

በሪሁን፦ መጣ። እየመጣ ነው።

ወንድይራድ፦ እጄን ቆረጠኝ።

በሪሁን፦ ለኔ ይልቀቁት።

ወንድይራድ፦ አልለቅም። አንተም እንዳትለቅ።

በሪሁን፦ ታየ። ጋሼ፣ ይኼ እርስዎ ከተቀመጡበት ይበልጣል።

ወንድይራድ፦ አፉን ተመልከተው። ሽማግሌ ነው።

በሪሁን፦ በስንጥቡ በኩል ልያዘው። አንድ፣ ሁለት። ጀልባዋ ውስጥ ነው።

ወንድይራድ፦ ተመስገን። አቤት ሲያምር፣ ርኩስ በልቶ እንዲህ ያምራል?

በሪሁን፦ ግን ጋሼ፣ ያወጡት እርስዎ ነዎት። ውላችን እኔ እንዳወጣ ነበር።

ወንድይራድ፦ ክሩ ላይ የስንት ሰው እጅ ነበር?

በሪሁን፦ የሁለት።

ወንድይራድ፦ አንዱ ማነው?

በሪሁን፦ እኔ።

ወንድይራድ፦ እንግዲያው አውጥተሃል። ሽማግሌዎቹም አልዋሹም፤ ቀደም ብለው ተናገሩት እንጂ።

በሪሁን፦ ውብዓለምስ?

ወንድይራድ፦ ሰጥቻለሁ። ሽሮዋን ካየህ በኋላም ካልሸሸህ ከአንተ የተሻለ ከየት አመጣለሁ?

በሪሁን፦ ጉልበትዎን ልሳም።

ወንድይራድ፦ ተው፣ ጀልባዋን ትገለብጣታለህ። በየብስ ትስማለህ።

በሪሁን፦ እሺ፣ ሞተሩን ላስነሣ። ቶሎ ከደረስን አውቶቡስ ጣቢያው አይዘጋም። የእርስዎን ቲኬት ለነገ እንዳለ ልተወውና የእሷን እመልሳለሁ።

ወንድይራድ፦ ሁለቱንም መልስ።